የመመረቂያ ጽሑፌ በገዛ ረቂቁ ሲከሰስ

የማስተርስ ጽሑፋችሁን በተርኒቲን (ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ያለውን ተመሳሳይነት በሚለካው ሶፍትዌር) ልታስፈትሹ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል፤ ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የማንንም ሥራ ሳይነካ፣ ዋቢውን ሁሉ በሥርዓት ጠቅሶ የጨረሰ ተማሪ በራሱ ረቂቅ ምክንያት ብቻ ሌባ ሊባል ይችላል።

የተለመደውን የአጠቃቀስ ምክር ላሳጥረው። ያነበብኩትን ምንጭ ወዲያው ዞቴሮ በተባለው የምንጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ላይ እመዘግባለሁ። ቃል በቃል የምወስደውን ገና ማስታወሻዬ ላይ ስገለብጠው በትእምርተ ጥቅስ አስገብቼ ገጹን እጽፋለሁ። በራሴ ቃል የማቀርበውን ደግሞ ምንጩን ዘግቼ ነው የምጽፈው። ከዚህ በላይ ብልሃት አይጠይቅም።

መከራው ፍተሻው ላይ ነው። ተርኒቲን የገባለትን ጽሑፍ ከድረ ገጾች፣ ከጆርናሎችና ቀደም ብለው ከገቡ የተማሪ ሥራዎች ጋር ያመሳክራል፤ አስገቢው «ኖ ሪፖዚተሪ» (ቋት ውስጥ አይቀመጥ) የሚለውን ካልመረጠ ደግሞ ጽሑፉን ራሱን ለወደፊት ማመሳከሪያ በሚጠቀምበት ቋት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ረቂቃችሁ አንዴ እዚያ ከቀረ፣ የመጨረሻው ቅጂ በሌላ አካውንት ወይም በሌላ ክላስ ሲገባ ከረቂቁ ጋር ይገጥማል። የእኔን ረቂቅ ያስገባው ሠራተኛ ያን ምርጫ አልነካውም። የመጨረሻው ቅጂ ከመቶ ዘጠና በላይ ተመሳሳይነት አሳየ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ቁጥሩ አይደለም፤ ሪፖርቱን ከፍቶ የሚያነብ መጥፋቱ ነው። የምንጮቹ ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ላይ ምንጩ የተማሪ ጽሑፍ እንደሆነና ከየትኛው ተቋም እንደገባ በግልጽ ተጽፏል፤ የራሳችን ግቢ ስም ነበር። ያን አንድ ምንጭ ከስሌቱ ማስወጣት ለባለሙያው የጥቂት ጠቅታ ሥራ ነው፤ ቁጥሩ ያኔውኑ ይወርዳል። ቢሮው ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ደብዳቤ ጻፈ።

ስለዚህ ረቂቅ ከማስገባታችሁ በፊት «ቋት ውስጥ እንዳይቀመጥ» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ በቃል አትጠይቁ። ሲገባ የሚሰጠውን የዲጂታል ደረሰኝ አስቀምጡ። እዚያ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ካልተያዘ የተቋሙ አስተዳዳሪ ጽሑፉን ከቋት ለማስጠፋት ይቸገራል። በቴሌግራም ወይም በጽሕፈት ቤት «ተርኒቲን እናወጣለን» ለሚሉት ደግሞ ፋይላችሁን በፍጹም አትስጡ። አካውንቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ነገ የማታውቁት የውጭ ዩኒቨርሲቲ ስም ሪፖርታችሁ ላይ ቢወጣ ማንን ትጠይቃላችሁ?

«ከ20 በመቶ በታች አምጡ» የሚለውን መመሪያ በጭፍን መከተልም አልመክርም። ዋቢ ዝርዝሩ፣ መጠይቁና የመሐላ ገጹ ከሌሎች ተማሪዎች ጽሑፍ ጋር ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን ያንሩታል። ከብዙ ቦታ የተለቃቀመ 25 በመቶ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከአንድ ምንጭ ብቻ የመጣ 6 በመቶ ግን ሙሉ ሙሉ አንቀጾች ተገልብጠዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ለማውረድ ጽሑፋቸውን ኩዊልቦት (ዓረፍተ ነገርን በሌላ ቃል መልሶ የሚጽፍ መሣሪያ) ውስጥ የሚከቱ አሉ። ይህ ከአንዱ ክስ አውጥቶ ሌላው ውስጥ ይከታል፤ ተርኒቲን ከ2024 ጀምሮ በማሽን ቃላቱ የተለዋወጡ ጽሑፍንም ይፈልጋል።

ጽሑፉን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጽፎት እንደሆነ የሚገምተው መለያ ለእኛ የባሰ ነው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የተለያዩ መለያዎችን ሲፈትኑ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስህተት የማሽን ሥራ ተብለዋል። ቃላቱ ቀለል ያሉና የሚደጋገሙ ሲሆኑ መለያው ይጠረጥራል። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተርኒቲንን መለያ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዘግቶታል። እኛ ዘንድ ግን ውጤቱን እንደ ፍርድ የሚያነቡ መምህራን አሉ።

መከላከያው የአጻጻፉ ታሪክ ነው። ጎግል ዶክስ ላይ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ጻፉ፤ ሌላ ቦታ ጽፋችሁ ምዕራፉን በአንዴ ብትለጥፉት ታሪኩም በአንዴ የተለጠፈ ነው የሚያሳየው። አማካሪያችሁ አስተያየት በሰጠ ቁጥር ቅጂውን ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ። የተሞሉ መጠይቆችን፣ የቃለ መጠይቅ ቅጂዎችንና የኤስፒኤስኤስ (የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር) ፋይሉን ዲግሪው እጃችሁ እስኪገባ አትጣሉ። ሰዋስው ለማረም መሣሪያ ከተጠቀማችሁ የትኛውን፣ ለምን እንደሆነ ለአማካሪያችሁ ቀድማችሁ ጻፉ።

ክስ ከመጣ ቢሮ ቆማችሁ በቃል አትመልሱ። ሙሉውን ሪፖርት ጠይቁ፤ ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። የትኛው ገጽ፣ የትኛው አንቀጽ፣ ከየትኛው ምንጭ እንደተወሰደ በጽሑፍ ይግለጹላችሁ። ከዚያ ቀኖቹን በቅደም ተከተል በአንድ ገጽ አስፍሩ፤ ረቂቁ የገባበት፣ አማካሪው ያየበት፣ የመጨረሻው የገባበት። ከጎኑ ደረሰኙንና ኢሜይሉን አያይዛችሁ አስገቡ፤ በቅጂው ላይም የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም ሳታስመቱ ከመዝገብ ቤቱ አትውጡ።