የሆላንድ ጡረታዬን ይዤ ስፔን ስገባ ግብሩን እንዴት እንዳስተካከልኩ

የሆላንድ ጡረታ አንድ ገንዘብ አይደለም። አንደኛው መንግሥት ለነዋሪው ሁሉ የሚከፍለው አኦዌ ነው፤ የሚልከው ኤስቬቤ የሚባለው የማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው በሥራ ዘመን ከደመወዝ እየተቀነሰ በጡረታ ፈንድ የተጠራቀመው ነው። ሦስተኛው ሰው በግሉ ከባንክ ወይም ከኢንሹራንስ የገዛው፣ ሊፍሬንተ የሚሉት የግል ጡረታ አበል ነው። አገር ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ሦስቱም በአንድ የግብር ማስታወቂያ ስለሚደመሩ ልዩነታቸው አይታይም። ከአገር ስትወጡ ግን እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ከፋዮቹን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ መዘርዘር ነበር፦ ማን ይከፍላል፣ በዓመት ስንት፣ ገንዘቡ ከየትኛው ሥራና ከየትኞቹ ዓመታት የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

አኦዌ በያንዳንዱ የነዋሪነት ዓመት 2 በመቶ ይጨምራል፤ ሙሉ የሚሆነው በ50 ዓመት ነው። ከኛ ማኅበረሰብ ብዙዎቻችን ሆላንድ የገባነው ጎልማሶች ሆነን ስለሆነ 30 ዓመት የኖረ ሰው የሚያገኘው 60 በመቶውን ነው። ጎዶሎውን አገር ውስጥ የሚሞላው አኢኦ የተባለው ድጎማ ደግሞ ከአገር አይወጣም። የጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው በዓመት ከ13 ሳምንት በላይ ውጭ ከቆየ ነዋሪነቱ በሆላንድ ሆኖም ድጎማው ይነካበታል። ኑሮው በአኢኦ ላይ የቆመ ሰው ስለ ግብር ከማሰቡ በፊት ይህን ያስላ።

ቀጥሎ ያየሁት ሆላንድ ከስፔን ጋር የተፈራረመችውን፣ ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀረውን ስምምነት ነው። የ1971 ስምምነት ነው፤ በእሱ መሠረት አኦዌና የግል ሥራ ጡረታ የሚገበሩት በሚኖሩበት አገር፣ ማለትም በስፔን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ግን ለሆላንድ ይቀራል። ይህ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጎረቤት ያደረገውን እንዳለ መቅዳትም የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ጀርመን የሚኖር ሰው ከሆላንድ የሚያገኘው ጡረታና አኦዌ በጠቅላላ በዓመት ከ15,000 ዩሮ ካለፈ ሆላንድ ራሷ ታስገብራለች። ከቤልጅየም ጋር ባለው የ2001 ስምምነት ወሰኑ 25,000፣ ከፖርቱጋል ጋር 10,000 ዩሮ ነው፤ በነዚህ በሁለቱ ሆላንድ መብቱን የምታገኘው የሚኖሩበት አገር ጡረታውን በተለመደው መጣኔ ካላስገበረ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያም ጋር በ2012 የተፈረመ ስምምነት አለ። ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ በቅድሚያ ማንበብ ያለበት በዚያ ውስጥ ያለውን የጡረታ አንቀጽ ነው።

የመንግሥት ጡረታ የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ገንዘቡ አቤፔ ከሚባለው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ስለመጣ ብቻ ጠቅላላው የመንግሥት ጡረታ አይሆንም። አቤፔ የመምህራንም ፈንድ ነው፤ በሆላንድ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ ቢተዳደሩም ባለቤታቸው የግል ድርጅት ነው። ስለዚህ የሚታየው ያገለገላችሁት ማንን እንደነበር ነው። 24 ዓመት በአቤፔ ሥር የሠራ ሰው 9ኙን ዓመት በመዘጋጃ ቤት፣ 15ቱን በግል ትምህርት ቤት ከነበረ፣ ከጡረታው 24 እጅ 9ኙ ለሆላንድ ይገበራል፤ የቀረው 15 እጅ ለስፔን። ይህን ክፍፍል ማንም በራሱ ተነሥቶ አይሠራላችሁም። ከፈንዱ የአገልግሎት ዘመን ዝርዝር በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ከቅጥር ውሎቼ ጋር አያያዝኩና ስሌቱን ራሴ ሠርቼ ከማመልከቻው ጋር ላክሁ። የድሮ የቅጥር ውል የጣለ ሰው ከቀድሞ አሠሪው ማስረጃ መለመን ይገባል፤ ወረቀቶቹን አትጣሉ። በብዙ ስምምነቶች ደግሞ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ጡረተኛው የሚኖርበት አገር ነዋሪም ዜጋም ከሆነ የመንግሥት ጡረታውን የማስገበር መብት ወደዚያው አገር ይዞራል። በየትኛው ፓስፖርት እንደምትኖሩ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው። በ12 ወር ውስጥ ከ8 ወር በላይ ውጭ የሚኖር ሰው ከመዘጋጃ ቤቱ መዝገብ መሰረዝ አለበት፤ ማስታወቂያው ከመውጣት 5 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ይሰጣል። ከተሰረዙ በኋላ ስምዎ ኤርኤንኢ ወደሚባለው የነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች መዝገብ ይገባል፤ ቤኤስኤን የሚባለው የዜጎች መለያ ቁጥር አይቀየርም። ዲጊዴን፣ ማለትም ወደ መንግሥት ድረ ገጾች መግቢያውን፣ ከመውጣቴ በፊት ስልኬ ላይ አድሼ የመልእክት አድራሻዎቼን ሁሉ ቀየርኩ፤ የሆላንድ ስልክ ቁጥር ከተዘጋ በኋላ ይህን ማስተካከል አድካሚ ነው።

ሆላንድ ዓመቱን በመውጫ ቀን ለሁለት ትከፍለዋለች። ስፔን ግን አትከፍልም፤ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ከኖራችሁ፣ ወይም የኑሮና የኢኮኖሚ ማዕከላችሁ እዚያ ከሆነ፣ ዓመቱን በሙሉ ነዋሪ ናችሁ፤ አለበለዚያ ዓመቱን በሙሉ አይደላችሁም። በሰፕቴምበር የሚገባ ሰው ያን ዓመት በቀን ቆጠራ የስፔን የግብር ነዋሪ አይሆንም፤ ከሆላንድም ወጥቷል። ያኔ ስምምነቱ ስለማይጠብቀው ከመውጫው ቀን እስከ ዲሴምበር ያለው ጡረታ ለሆላንድ ይገበራል። በማርች የሚገባ ሰው ደግሞ ከጃንዋሪ ጀምሮ ያለው ገቢው ሁሉ ለስፔን ይታያል። ስለዚህ የመውጫውን ቀን የመረጥኩት በቤት ኪራይ ወይም በትኬት ዋጋ ሳይሆን በዚህ ስሌት ነው። ከጁላይ መግቢያ በፊት መውጣት ወይም ዓመቱን ሆላንድ ጨርሶ በጃንዋሪ መውጣት ነገሩን ያጠራዋል።

ለወጣችሁበት ዓመት የሚሞላው ኤም የሚባለው ቅጽ ነው። ረጅም ነው፤ ገቢውን ከመውጣት በፊትና በኋላ ብሎ ይለያል። ቁም ነገሩ የማኅበራዊ መድን መዋጮው ነው። በ2025 መጣኔ የጡረታ ዕድሜ የደረሰ የሆላንድ ነዋሪ እስከ 38,441 ዩሮ ድረስ የሚቆረጥበት 17.92 በመቶ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ግብሩ 8.17 በመቶ ብቻ ሲሆን የቀረው መዋጮ ነበር። ነዋሪነት ሲያበቃ መዋጮው ይቋረጣል። ከፋዮቹ ለተወሰኑ ወራት በድሮው መጣኔ ሲቆርጡ ስለሚቆዩ በኤም ቅጽ ብዙ ጊዜ ተመላሽ ገንዘብ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሆላንድ የሚገበር ገቢ ላለው ሰው የሚሞላው ሴ ቅጽ ነው።

ሆላንድ ያለው ከፋይ፣ ኤስቬቤም ይሁን ፈንድ፣ ስምምነቱ ምንም ቢል ግብር እንዳይቆርጥ የሚፈቅድለት የነጻነት ወረቀት እስካልደረሰው ድረስ ግብር መቁረጡን ይቀጥላል። ወረቀቱን የሚሰጠው በሄርለን ያለው የግብር መሥሪያ ቤቱ የውጭ አገር ክፍል ነው። ለማግኘት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ የተሞላ ማመልከቻና ከአዲሱ አገር ግብር ቢሮ የተሰጠ የነዋሪነት ማረጋገጫ። የስፔን ግብር ቢሮ ሁለት ዓይነት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ አንዱ ተራ ነው፣ ሁለተኛው ግለሰቡ ከተጠቀሰው አገር ጋር ባለው ስምምነት መሠረት ነዋሪ መሆኑን የሚገልጽ ነው። የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ ስትጠይቁ ሆላንድን በስም ምረጡ። የመዘጋጃ ቤት የነዋሪነት ወረቀት፣ ፓድሮን የሚሉት፣ ይህን አይተካም። በማመልከቻው ላይ ከፋዮቼን ሁሉ አንድ በአንድ አሰፈርኩ፤ ያልተጠቀሰ ከፋይ መቁረጡን ይቀጥላልና። የነጻነት ወረቀቱ የሚያልቅበት ቀን ስላለው ያን ቀን መዝግቡ።

የስፔን ማረጋገጫ የሚገኘው ነዋሪነቱ ከጸና በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም አገሮች ገንዘቡን መንካታቸው አይቀርም። አትደንግጡ፤ የተቆረጠው በቅጹ ይመለሳል። ያለፈ ዓመት ከሆነም እስከ 5 ዓመት ወደኋላ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ግን አለቀ። ብዙ ሰው «ሆላንድ ቆርጦብኛል፣ ስለዚህ ከፍያለሁ» ብሎ ስፔን ውስጥ ሳያስታውቅ ዓመታት ያሳልፋል። ስፔን ገቢውን የምታውቀው አገሮቹ መረጃ ስለሚለዋወጡ ነው፤ የኋላውን ዓመት ከነወለዱና ከነቅጣቱ ትጠይቃለች፤ ሆላንድ ያለው ገንዘብ ግን 5 ዓመት ካለፈው አይመለስም። ለአንድ ገቢ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው እንዲህ ነው።

ነጻነቱ ሁልጊዜ ትርፍ አለመሆኑንም በቁጥር ማየት ይገባል። 10,000 ዩሮ አኦዌ፣ 10,000 የግል ፈንድና 6,000 የመንግሥት ጡረታ ያለውን ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንውሰድ። በሆላንድ የሚገበረው 6,000 ብቻ ነው፤ በ2025ቱ 8.17 በመቶ 490 ዩሮ ገደማ። በስፔን ከ20,000ው ላይ 2,000 የወጪ ቅናሽ ይነሣና 18,000 ይቀራል። በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 12,450 በ19 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 20,200 በ24 በመቶ፣ ቀጥሎ እስከ 35,200 በ30 በመቶ ነው። ለዚህ ዕድሜ ግብር የማይነካው የግል መጠን 6,700 ነው። 6,000ው ባይኖር ግብሩ 2,424 ዩሮ ይሆን ነበር። ነገር ግን ስፔን የመንግሥት ጡረታውን ባታስገብረውም መጣኔውን ለመወሰን ትደምረዋለች፤ 24,000 ላይ ሲሰላ አማካይ መጣኔው 17.05 በመቶ ስለሚሆን በ18,000ው ላይ የሚከፈለው ወደ 3,069 ዩሮ ያድጋል። ሰንጠረዡ እንደ ክልሉ ትንሽ ይለያያል። ያው 20,000 ዩሮ በሆላንድ ቢገበር ኖሮ 1,634 ዩሮ ነበር። ምርጫ ግን አይደለም፤ መብቱ የስፔን ነው። ይህን ስሌት መሥራት የሚገባው ቤት ከመሸጡ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

በስፔን ማስታወቂያው የሚቀርበው በተከታዩ ዓመት ከኤፕሪል እስከ ጁን 30 ነው፤ ቅጹ ሞዴሎ 100 ይባላል። የውጭ ከፋይ ለስፔን ግብር ስለማይቆርጥ የማስታወቅ ግዴታው የሚጀምረው ከ22,000 ሳይሆን ከ15,876 ዩሮ ነው። ሆላንድ ውስጥ በባንክ ከ50,000 ዩሮ በላይ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ እስከ ማርች 31 ሞዴሎ 720ን ያስገባል። ይህ ግብር ሳይሆን ማሳወቂያ ብቻ ነው።

ከግብሩ ጎን ለጎን የሕክምናው ጉዳይ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገር የሚኖር የሆላንድ ጡረተኛ ኤስ 1 የሚባለውን ቅጽ ሴአካ ከሚባለው የሆላንድ የሕክምና መዋጮ መሥሪያ ቤት ተቀብሎ በስፔን ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ያስመዘግባል፤ ሕክምናውን እንደ አገሩ ሰው ያገኛል። በምላሹ ሴአካ በየዓመቱ ለየአገሩ በሚወጣ ቁጥር የተባዛ መዋጮ ከጡረታው ላይ ያስቆርጣል። ቅጹን ባያስመዘግቡትም መዋጮው አይቀርም፤ ስለዚህ ቶሎ ማስመዝገብ ነው። የግብር ነጻነት ወረቀቱ ይህን መዋጮ አያስቀረውም። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው የሕክምና ድጎማውን ከስፔን ሆኖም መጠየቅ ይችላል። ከአውሮፓ ውጭ፣ የሕክምና ስምምነት ወደሌለበት አገር የሚሄድ ሰው የሆላንድ ኢንሹራንሱ ይቋረጣል፤ የራሱን መግዛት አለበት። እንደዚሁም ሆላንድ የአበል ቁጥጥር ስምምነት ካልተዋዋለችበት አገር የሚኖር ብቸኛ ጡረተኛ አኦዌው ከዝቅተኛው ደመወዝ 70 በመቶ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። የአገሮቹ ዝርዝር ኤስቬቤ ጋ አለ፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስቡ ይህን አስቀድመው ይዩ።

ስወጣ ከግብር መሥሪያ ቤቱ አንድ ትልቅ ቁጥር ያለው ደብዳቤ እንደሚመጣ አውቄ ነበር፤ ኮንሰርቬረንደ አንስላኽ ይባላል። በጡረታና በሊፍሬንተ ላይ የተጠራቀመውን መብት ለመጠበቅ የሚወጣ ግምት እንጂ አሁን የሚከፈል ዕዳ አይደለም። 10 ዓመት ይንጠለጠላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጡረታውን በአንድ ጊዜ ካላስወጡት ወይም ለሌላ ካላስተላለፉት ሲጠየቅ ይሰረዛል። ካስወጡት ግን ግብሩ ይነቃል፤ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪም ይመጣበታል። ደብዳቤውን በቤት ሰነዶች መካከል አስቀምጡት፤ የ10 ዓመቱን መሙያ ቀን በላዩ ጻፉበት።

ሆላንድ ውስጥ ቤት የተወ ሰው በቤቱ ላይ የሚከፍለው ግብር ከእሱ ጋር አይወጣም። በ2025 ቤቱ 5.88 በመቶ አስገኝቷል ተብሎ ይገመትና በግምቱ ላይ 36 በመቶ ይጣል ነበር፤ ከቤቱ ዋጋ 2.1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የሆላንድ ዜግነት ያለው ሰው ደግሞ ከወጣ በኋላ ለ10 ዓመት በውርስና በስጦታ ግብር በኩል እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፤ ለልጆች ገንዘብ ለማስተላለፍ የሚያስብ ይህን ከግምት ያስገባ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በየዓመቱ የሚቀረው በሕይወት የመኖር ማረጋገጫው ነው። ኤስቬቤ ቅጹን ይልካል፤ በአካባቢው ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት አይቶ ፈርሞ ማኅተም ያደርግበታል። ብዙ ፈንዶች የኤስቬቤን ማረጋገጫ ይጠቀማሉ፤ የማይጠቀሙት የራሳቸውን ስለሚልኩ የትኛው ፈንድ የትኛውን እንደሚከተል በመጀመሪያው ዓመት ጠይቄ ከከፋዮቹ ስም ጎን ጻፍኩት። ቅጹ በጊዜው ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል፤ ቅጹ ሲደርስ ግን የቆመው ተከማችቶ ይላካል።