ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን፦ የስድስት ወር ደብተሬ

ባለፈው ሐምሌ እኛ ብስክሌት ነጂ ጓደኛሞች ደጀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ውጭዎቹ ብስክሌተኞች ስንከራከር «ሁሉም አበረታች ቅመም ይወስዳሉ፤ አንዱን ከአንዱ መለየት ድካም ነው» ብዬ ክርክሩን የዘጋሁት እኔ ነበርሁ። ከእናንተ አንዱ «ማስረጃህስ?» ሲለኝ «ፍጥነታቸው» አልሁ። መልሱ ለራሴም አልጣመኝም። ማታውኑ ደብተር ገዝቼ ስለ ብስክሌት ውድድርና ስለ አበረታች ቅመሞች ያነበብሁትን መመዝገብ ጀመርሁ። ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ። የውጭው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የጀመርሁት ከሰዓት ነው። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት ጉልበታችን ያውቀዋል፤ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ኩርባ በኩርባ፣ ከታች ምድጃ፣ ከላይ ብርድ። ፈረንሳይ ውስጥ ሞን ቫንቱ የሚባለው ተራራም በቤዱዋን በኩል 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምርጦቹ ያንን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። እኔ የኛን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እወጣለሁ፤ ያውም ካቴናው ካልወለቀ። ቶም ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ ብስክሌተኛ ጁላይ 13 ቀን 1967 በዚያው ተራራ ላይ በ29 ዓመቱ ወድቆ ሞቷል። ሙቀቱ፣ የጠጣው አልኮልና አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት ተባብረው ነው የገደሉት። የአምፌታሚኑ መያዣ ከማሊያው ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። ይህን ካነበብሁ በኋላ በቀትር ሙቀት ከድልድዩ መነሣት ትቻለሁ።

ቀጥሎ በ2024 የዘመኑ ስመ ጥር ብስክሌተኛ ታዴ ፖጋቻር ፕላቶ ደ ቤይ የተባለውን የፈረንሳይ ዳገት ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ከወጣበት ጊዜ ከሦስት ደቂቃ በላይ አሳጥሮ መውጣቱን አነበብሁና ደብተሬ ላይ «አለቀ» ብዬ ጻፍሁ። ፓንታኒ በ1999 ከጣሊያን ዙር የተባረረው በደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ስለተገኘ ነውና፣ እሱን በዚህን ያህል የሚቀድም ሰው ንጹሕ ሊሆን አይችልም ብዬ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ቃሉን ሰረዝሁት። ጎማው፣ ብስክሌቱ፣ ልብሱ ተለውጧል፤ ፔዳል እየመቱ በሰዓት የሚበሉት የስኳር መጠን ከዚያን ጊዜው ጋር አይወዳደርም፤ የነፋሱ አቅጣጫና ከፊት ሆኖ የሚጎትት ጓደኛ መኖሩም ደቂቃዎች ይቆርጣል። ሰዓት ብቻውን ሰው አያስርም። ፖጋቻርም በምርመራ ተይዞ አያውቅም።

«ተይዞ አያውቅም» የሚለው ቃል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ በዚህ ቃል ሰባት የፈረንሳይ ዙር ድሎችን ሲከላከል ኖረ። በ2012 የአሜሪካ ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ድሎቹን ሲነጥቀው ከሽንት ብልቃጥ ይልቅ የሰው አንደበት ነበር የጣለው፤ 26 ሰዎች በመሐላ መሰከሩ፣ ከእነሱ 15ቱ ብስክሌተኞች ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በዚያ ዘመን ግን ጠርጥረው የጻፉ ጋዜጠኞች ነበሩ የሚመነጠሩት።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ፤ ብዙ የቆየሁበት እዚህ ነው።

ኢፒኦ ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ ቅመም ነው። ብስክሌተኞች በ1990ዎቹ እንደ ልብ ሲወስዱት በሽንት ውስጥ የሚያገኘው ምርመራ አልነበረም፤ እስከ 2000 ድረስ አልመጣም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1997 አንድ መስመር አሰመረ፦ ሄማቶክሪት፣ ማለትም ከደም ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ፣ ከመቶ 50 ካለፈ ሁለት ሳምንት ከውድድር ውጪ። እኔም የራሴን ላውቅ ፈለግሁና ደብረ ማርቆስ ሄጄ ደም ሰጠሁ። 49 ወጣ!

ሽሮ በልቼ የማድር ሰው ለመታገድ አንድ ቀርቶኝ ነበር ማለት ነው። መርማሪዋ ልጅ ውጤቱን አየችና «ጋሼ፣ ውኃ አልጠጡም እንዴ?» አለችኝ። እውነትም ከአውቶብስ ወርጄ ምንም ሳልቀምስ ነበር የገባሁት። በሳምንቱ ደኅና ውኃ ጠጥቼ ተመለስሁ፤ 47። ሁለት ነጥብ በውኃ ብቻ! ያኔ ነው ቡድኖቹ መርማሪ በር ሲያንኳኳ የጨው ውኃ በደም ሥር ለምን ይለቁ እንደነበር የገባኝ። ደጀን ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮው ይወፍራል። የ50 መስመር ለአንዱ እስር ቤት፣ ለሌላው ፈቃድ ነበር። በተፈጥሮው 42 የሆነ ሰው እስከ 49 ድረስ በቅመም የሚሞላው ሰፊ ጎተራ ነበረው።

ከ2008 ጀምሮ የመጣው የደም ፓስፖርት ይህን ነው ያስተካከለው። ሰውዬውን ከሌላ ሰው ጋር አያወዳድርም፤ ከራሱ ጋር ነው። በየጊዜው ደም ይወሰዳል፤ ሄሞግሎቢኑና ገና የተወለዱት ቀይ ሴሎች ይቆጠራሉ። ኢፒኦ የሚወስድ ሰው አዳዲሶቹ ሴሎቹ ይበዛሉ። አስቀድሞ ያስቀመጠውን የራሱን ደም መልሶ የሚያስገባ ደግሞ ሄሞግሎቢኑ ወደ ላይ ሲሄድ አዳዲሶቹ ይመነምናሉ፤ መቅኔው «ሞልቷል» ብሎ ሥራ ያቆማልና። ናሙና ሰጪው በቅርቡ ከፍታ ቦታ መሰንበቱም ይጠየቃል። መዝገቡ ካጠራጠረ ሦስት ባለሙያዎች ስሙን ሳያውቁ ይመረምሩታል፤ ሦስቱም በአንድ ቃል ካልተስማሙ ክስ የለም።

በነገራችን ላይ ጫት የምታዘወትሩ ካላችሁ፣ በውስጡ ያለው ካቲን በውድድር ቀን የተከለከለ ነው፤ ወሰኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 5 ማይክሮግራም። እኛን የሚመረምረን የለም እንጂ።

ወይም የለም ብለን ነበር። በኅዳር ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ዳገቱን በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ወጣሁ አለ። (ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው።) ሁላችሁም በአንድ ድምፅ «አይሱዙ!» አላችሁ። ለማያውቅ አንባቢ፦ በረሃው ውስጥ ጭነት የያዘ መኪና በእግረኛ ፍጥነት ነው የሚወጣው፤ ኋላውን በአንድ እጅ የያዘ ብስክሌተኛ እግሩን አሳርፎ ደጀን ይደርሳል። አደገኛ ነው፣ ግን ይደረጋል። በ2016 ፌምከ ቫን ደን ድሪሸ የተባለች ቤልጅጋዊት ለዓለም ሻምፒዮና በተዘጋጀላት ብስክሌት ውስጥ ሞተር ተገኝቶ ስድስት ዓመት ታግዳለች። የኛው ሞተር ግን አይደበቅም፤ ሰሌዳ ቁጥርም አለው።

ልጁ ማለ። እኔም ልፈርድ አፌን ከከፈትሁ በኋላ ደብተሬ ትዝ አለኝ። የልጁን ያለፉ ጊዜያት አወጣሁ፦ 1፡52፣ 1፡47፣ 1፡44፣ ከዚያ በሦስት ሳምንት ውስጥ 1፡25። ቁጥሮቹን ያለ ስም በሦስት ወረቀት ገልብጬ፣ በዚያን ቀን ላልነበሩ ሦስት የቡድናችን ሰዎች ለየብቻቸው ሰጠሁ። ሁለቱ «መኪና» ብለው ጻፉ። ሦስተኛው «ጎማ ቀይሮ፣ ክብደት ቀንሶ፣ ጠዋት ተነሥቶ ከሆነ ሊሆን ይችላል» አለ። በደንቡ መሠረት ክሱን ዘጋሁት።

እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ፣ እኔ ከሁለቱ ጋር ነኝ። ግን ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ልጁ ደብተሬን ሲያገላብጥ ቁጥሮቹን አየና ወዲያው አወቃቸው። አልተቆጣም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተና «ሦስተኛው ማን ነበር?» አለኝ።

አልነገርሁትም።