ከደብተሩ ጀርባ

ኅዳር 23

ዛሬም መጣ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከእምብርቴ አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ቆይቶ አንድ ሰው ከውስጥ ክር ይዞ የሚስበኝ ይመስል ወደ ጭኔ ይወርዳል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል ሁሉም ነገር ክር የሚመስለኝ።

መብራት ስለጠፋ በስልኬ ብርሃን የትዕዛዝ ደብተሬን ገለጥኩ። ከፊት የደንበኞቼ ልክ ነው፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። ከኋላ ገልብጬ የጀመርኩት ደግሞ የራሴ ነው፤ ቀኑ፣ ግራ ወይስ ቀኝ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ክኒን ዋጥኩ ወይስ አልዋጥኩም። የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንዲት ነርስ «የወር አበባ ሕመም ነው፣ ሁላችንንም ያመናል፣ ሄደሽ ተኚ» ብላ ከመለሰችኝ በኋላ ነው። ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። ማታ ሳስበው ግን እኔም ያልኳት ነገር አልነበረም። የት ያምሻል? ሆዴን። መቼ? አንዳንድ ጊዜ። አንዲት ደንበኛ መጥታ «መካከለኛ ቀሚስ ስፊልኝ» ብትለኝ እኔስ ምን ልሰፋላት ነበር? ንዴቱ ግን እስከ አሁን አልወጣልኝም። ልክ መጠየቅ የሰፊዋ ሥራ እንጂ የደንበኛዋ አይደለም።

ደብተሩን ይዤ ሌላ ቦታ ስሄድ ሐኪሟ ሁለቱን ገጽ አንብባ ወዲያው አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ። «ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ሳትሸኚ ነይ» ተባልኩ። እዚህ ጎንደር አንድ ሊትር ውሃ ጠጥቶ ከማራኪ እስከ ፒያሳ በባጃጅ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ሾፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር «እግዚኦ» እያልኩ ደረስኩ። እሱ ጸሎተኛ መስዬው ይሆናል።

በቀኝ በኩል ባለው የእንቁላል ማምረቻ ላይ 4.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘ። ሲስት ይባላል። ሱቅ ተመልሼ ሜትሬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና 4.2 ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። በቀሚስ እጅጌ ጫፍ ላይ የማሳርፈው ጠባቡ ጥበብ ስፋቱ ይኸው ነው። ይህን ያህሏ ነገር ናት መርገጫው ላይ እግሬን እንዳላሳርፍ ያደረገችኝ!

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ እንቁላሉን የያዘው ትንሽ ከረጢት በየወሩ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ካደገ በኋላ ይፈነዳል፤ እንቁላሉም ይወጣል። ሳይፈነዳ ሲቀር ማደጉን ይቀጥላል። ፈንድቶ ተመልሶ ሲዘጋም ውስጡ ውሃ ወይም ደም ሊሞላ ይችላል። አብዛኛው በሁለት በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የእኔም ጠፋ። ከዚያ ሌላው መጣ፣ ከእሱም በኋላ ሌላው። በደብተሬ ጀርባ አምስት ተመዝግበዋል። ትልቁ 6 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ለክትትል ሄጄ በአጋጣሚ ታየ እንጂ መኖሩንም አላወቅኩም። ግድግዳ ይዤ እንድሄድ ያደረገችኝ የ3 ሴንቲ ሜትሯ ናት። በጨርቅ ቋንቋ ይህ ስሕተት ነው፤ በሥጋ ግን እንዲህ ነው።

እናቴ ዘንድ የበሽታው ስም አንድ ነው፤ ብርድ። ጎንደር ውስጥ ብርድ ያልተከሰሰበት ሕመም አላውቅም። አክስቴ ደግሞ «ሲወልዱ ይለቃል» ትላለች። ባል የለኝም፣ እትዬ፤ መድኃኒቱን ከየት ላምጣው? እንዲህ ብዬ ግን አልመልስላትም። ጠበሉን እጠመቃለሁ፣ ቀጠሮዬንም አላስተጓጉልም፤ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። የከበደኝ ጾሙ ነበር፤ የሕመም ማስታገሻዬ ኢቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «የታመመ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ይውሰድ» ብለው ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት።

ባለፈው ዓመት ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ የመጨረሻዋን ቀሚስ እየተኮስኩ ሳለ ድንገት ያዘኝ፤ አስታወከኝም። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር እየወረዱ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ባጃጅ የለም። ወንድሜ አዘለኝ። «መንገድ፣ መንገድ፣ ታማሚ ናት!» እያለ ሲጋፋ አንዲት እናት አይተውኝ ምጥ የያዘኝ መሰላቸውና «ማርያም ትቅረብሽ» ብለው መረቁኝ። አላረምኳቸውም። ምርቃት አይመለስም።

ሆስፒታል ስንደርስ የእንቁላል ማምረቻው በራሱ ላይ ተጠማዞ ደም እንዳይቋረጥበት ተፈርቶ ነበር። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ነበር። አልነበረም፤ ከረጢቱ ፈንድቶ ጥቂት ደም ሆዴ ውስጥ ፈስሶ ነው። ጓንት እንኳ ሳያወልቅ ሐኪሙ የነገረኝን ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ፤ ድንገተኛ ከባድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ጥምቀትን ከአልጋ ላይ ሆኜ፣ እልልታውን በመስኮት እየሰማሁ አሳለፍኩት።

ከዚያ በኋላ እንክብል ታዘዘልኝ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ። ያለውን ሲስት አያጠፋም፤ እንቁላል እንዳይለቀቅ አድርጎ አዲስ እንዳይፈጠር ይረዳል እንጂ። እኔ ግን ያላገባሁ ሴት ነኝ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ከኋላዬ ቆማ ነበርና ተራዬ ሲደርስ ሳል የሚያስታግስ ሽሮፕ ገዝቼ ወጣሁ። ሳላስል። በማግስቱ ከአዘዞ ገዛሁት። በቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቀሚስ ቁልፎች ስር ደበቅኩት፤ እናቴም ቁልፍ ስትፈልግ አገኘችው። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን የአልትራሳውንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሜትሬን አጠገቡ አስቀመጥኩ። «ይኼ ነው ብርዱ» አልኳት፣ 4.2 ላይ ጣቴን አድርጌ። ሜትሩን አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

እንክብሉ ስምንት ወር አሳረፈኝ። ከዚያ ዓይኔን ብልጭ ብልጭ የሚያደርግ ራስ ምታት ሲጀምረኝ ሐኪሟ አስቆመችኝ፤ እንዲህ ያለ ራስ ምታት ላለባት ሴት ያ ዓይነቱ እንክብል ለስትሮክ ያጋልጣል አለች። ስለ ሌላ አማራጭ ለመነጋገር የፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። እስከዚያ ይኸው እንደዛሬው ነው።

አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። እናቴ ሳልጠራት ተነሥታ ከሰል አያይዛለች፤ ይሸተኛል። ውሃውን ታሞቅና ሃይላንድ ውስጥ ትሞላዋለች፤ ትኩስ ሲሆን ፕላስቲኩ ስለሚኮማተር ለብ አድርጋ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ። ለደብተሩ እርሳስ ስፈልግ በሩን ከፍታ ገባች።

«የግራው ነው የቀኙ?» አለችኝ።

«የግራው።»

ነጠላውን በግራ ጎኔ አስጠጋችና የስልኩን ብርሃን ያዘችልኝ፣ እንድጽፍ።