የሚወስነው ማነው?

ዛሬ የአመራር ፌሎውሺፑ ሥልጠና ላይ ስለ ራዕይ ይሰብኩናል ብዬ ነበር የገባሁት። አሠልጣኟ ግን ግድግዳው ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፋ «መቀየር የምትፈልጉትን ነገር የሚወስነው ማነው?» አለችን። «ሥርዓቱ» ብትላት አትቀበልህም። ሰው ነው የምትፈልገው። ያ ሰው ማንን ይሰማል? እሱን የሚሰሙትስ? እንዲህ እያልን መስመር ስናሰምር አረፈድን።

ከሰዓት ታሪክ በመንገር ሰውን ለተግባር የማነሳሳት ዘዴ መጣ፣ የአሜሪካዊው የሕዝብ አደራጅ የማርሻል ጋንዝ፦ የራስ ታሪክ (እኔን ምን አነሳሳኝ)፣ የእኛ ታሪክ (የሚያስተሳስረን ምንድነው)፣ የአሁን ታሪክ (ለምን ዛሬ እንነሳ)። ሰውዬው በ1964 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድን ትቶ ሚሲሲፒ የሲቪል መብት ትግል ውስጥ የገባ፣ ኋላም ከእርሻ ሠራተኞች ጋር 16 ዓመት የሠራ ነው። (ከስላይድ አልተማረውም ማለት ነው።)

ስለ ራሳችን ማውራትማ ማን ችሎን! «እሺ፣ ነገ ማን ምን ያድርግ?» ሲባል ግን ሁሉም ጎንበስ ብሎ ማስታወሻውን ያገላብጣል። እንደኔ ሥልጠናው ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ይሻል ነበር።