ምስር የምታህል ጥቁር ቅርፊት

ጥቅምት ላይ አክስቴ ዘንድ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ከደብረ ብርሃን ውርጭ ሸሽቼ ነው። ጣርማ በርን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ጃኬቱ ይወልቃል፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራቡ፣ ሮቢት ስትደርስ ቁምጣ ነው። የኔ ጥፋትም ቁምጣው ነበር።

አክስቴ አንዲት ላም አለቻት። ጡቷ አካባቢና ጭራዋ ሥር መዥገር ፈልቶባታል። አንድ በአንድ እየነቀልኩ ፍም ላይ ስጥል አረፈድኩ። ጧ ብለው ሲፈነዱ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከሰዓት ላሟ የምትግጥበት ሣር ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን ስነካካ ዋልኩ። እኔን የነከሰኝን ግን አላየሁትም። መዥገር ሲነክስ ብዙ ጊዜ አያሳምም፤ ያልጎለመሰው ደግሞ ሰሊጥ ቢያህል ነው።

ከተመለስኩ በሳምንቱ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። አንገቴ ደረቀ፣ ሰውነቴን ቆረጠመኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። «ሮቢት ወርደህማ ወባ ነው» አለ ሰፈሩ ሁሉ። እውነት ነው፣ ከቆላ መጥቶ ያተኮሰው ሰው መጀመሪያ ወባ መመርመር አለበት። ተመረመርኩ፣ የለብህም ተባልኩ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። እኛ ጋ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፣ ሦስተኛ በሽታ ያለም አይመስል። ሦስት ቀን ዋጥኩ። ወይ ፍንክች!

በአራተኛው ቀን ሌላ ቦታ ሄድኩ። ሸምገል ያሉ ነርስ ገና መርፌ ሳያነሱ «ከብት ጋር ውለህ ነበር?» አሉኝ። ሱሪዬን አስወለቁኝ። ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጥቷል፤ እኔ በእግር መንገድ አሳብቤዋለሁ። ከዚያ ዞር በል ብለው ከጉልበቴ ጀርባ አዩ። ምስር የምታህል ጥቁር ቅርፊት፣ ዙሪያዋ ቀይ። ሲጋራ የተረኮሰባት ትመስላለች። ስትነካ እንኳ አታምም።

«ይቺው ናት» አሉ። ሪኬትሲያ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ መዥገሩ ደም ሲመጥ በምራቁ ይገባል። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ይነሳል። ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን አዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን ላቤ ወጥቶ ለቀቀኝ።

የመንዟ አያቴ በስልክ «ግርሻ ነው ልጄ» ብላኝ ነበር። ግርሻ እንኳ ከቅማል ነው የሚመጣው፤ ብርድ አገር ልብስ ሲደራረብ። ቅማሉን ሲጨፈልቁትና ሲያኩ ጀርሙ በተጫረ ቆዳ ይገባል። ለቆ ይሄድና ተመልሶ ያገረሻል። የኔ አንዴ ሄደ ሄደ።

አሁን ሣር ላይ ከዋልኩ ማታ ብብቴን፣ ብሽሽቴን፣ የቀበቶዬን ሥር ሳላይ አልተኛም። ከተገኘ እሾህ የሚወጣበት ወረንጦ ይበቃል፤ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ላምባ ማፍሰስ፣ ክብሪት ማስጠጋት፣ በጣት መጨፍለቅ የለም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና «እሱስ ይሁን፣ ታዲያ ላሟን ማን ይልቀምላት?» አለችኝ።