ከሌሊት ፈረቃ በኋላ አሸዋ ላይ፦ በአቅም የሚገዛ፣ ውሃ የሚችል ዲቴክተር

የባሕር ዳርቻው ላይ ዲቴክተር፣ ማለትም አሸዋ ሥር የተቀበረ ብረታ ብረት የሚያገኝ ማሽን ይዤ ስዞር ያየኝ የአገሬ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ወርቅ አገኘሽ ወይ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ለመሆኑ የቱን ማሽን ልግዛ?» ይላል። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ ከወርቁ የጣሳ መክፈቻው ይበዛል። ሁለተኛው ግን ቁጭ ብሎ ማውራት ይፈልጋል። እኛ ገንዘብ የምናወጣው ቆጥረን ነው፤ ሻጮች ደግሞ «ውሃ አያስገባም» የሚለውን እንደፈለጉ ነው የሚለጥፉት።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። የሌሊት ፈረቃ የሠራ ያውቀዋል፤ ጠዋት ቤት ሲገባ ሰውነት ዝሏል፣ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። አልጋ ላይ ከመገላበጥ ብዬ በዳርቻው በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ክፍያ የለው፣ ደወል የለው፣ የሚጠራኝ ሰው የለ። ጋሼን የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ጡረታ የወጡ የአገር ሰው ናቸው። ሄድፎን ደፍተው፣ ጎንበስ ብለው፣ አሸዋውን እንደሚያጭድ ሰው ማሽናቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። ጠጋ ብዬ ሰላም ብላቸው ሄድፎኑን ከአንድ ጆሯቸው አነሱና «አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ራቅ በይ፤ ጫማሽ ውስጥ ያለው ብረት እየጮኸብኝ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታው የመጣው።

ስለ ማሽን የማውቀውን ግማሹን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌላውን ያስተማረኝ ጨው ነው።

የድሮ ማሽናቸውን አዋሱኝ፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በአንድ ፍጥነት ብቻ እያመላለሰ የሚሠራ። ደረቁ አሸዋ ላይ ጨዋ ነበር፤ ዝም ይላል፣ ሳንቲም ላይ ሲደርስ ጥርት አድርጎ ይናገራል። ባሕሩ አሁን ወደ ሸሸበት እርጥብ አሸዋ ስወርድ ግን አበደ። ኮይሉን፣ ማለትም ከታች ያለውን ጠፍጣፋ ክብ፣ ወደ ግራ ሳወዛውዝ ይጮኻል፣ ወደ ቀኝ ስመልሰው ይጮኻል፣ ትንሽ ከፍ ሳደርገው ይጮኻል። ብቆፍር አሸዋ፣ አሁንም ብቆፍር አሸዋ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳይበላሽ አልቀረም» ስላቸው ሳቁብኝ። «ምንም አልሆነ። ጨዉ ነው የሚያስጮኸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቴክተር በኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያመላለሰ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሲያገኝ በዚያ ነገር ውስጥ ትንሽ ጅረት ይነሳል፤ ያ ጅረት የራሱን መስክ መልሶ ይልካል፤ ማሽኑ የሚሰማው ያንን መልስ ነው። ጨዋማ ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከብረታ ብረት ጋር ሲተያይ እጅግ ደካማ ነው፤ ግን ከኮይሉ ሥር ያለው ሁሉ እሱ ስለሆነ በብዛቱ ያሸንፋል። የባሰው ደግሞ ማሽኑ ያገኘው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ በስክሪኑ ላይ በቁጥር ሲያሳይ፣ የጨዉ መልስ የሚያርፈው የአሉሚኒየም ፎይልና ስስ ወርቅ በሚያርፉበት ዝቅተኛ ሰፈር መሆኑ ነው። ስለዚህ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን ጨዉን ዝም ለማሰኘት ሲስተካከል ስሷን የወርቅ ሰንሰለትም አብሮ ዝም ያሰኛታል። ጥቁር አሸዋ ያለበት ዳርቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስለሆነ ማሽኑን ከሌላ አቅጣጫ ያደናግረዋል።

ለዚህ ነው «ውሃ ይችላል ወይ?» እና «ጨው ይችላል ወይ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው የምለው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ ይገዛል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። በርካታ ርካሽ ማሽኖች ላይ ውሃ የሚችለው ታች ያለው ኮይሉ ብቻ ነው፤ ስክሪኑና ባትሪው ያሉበት ሳጥን አይችልም። ጋሬት የሚባለው አምራች ኤስ ማሽኖች፣ የሌላው አምራች የማይንላብ የመጀመሪያዎቹ ቫንኩዊሾችም (340፣ 440፣ 540) እንዲሁ። እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ ቁርጭምጭሚት ድረስ መግባት ይቻላል። አንድ ያልታሰበ ማዕበል ጉልበት ላይ ከመጣ ግን አለቀ። ማሽኑ በሙሉ ይችላል ከተባለ የሚፈለገው ጽሑፍ «አይፒ 68» ነው። 6ቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፣ ለአሸዋ ይጠቅማል። 8ቱ አምራቹ በጻፈው ጥልቀትና ጊዜ ውሃ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው፤ 7 ቢሆን ኖሮ አንድ ሜትር ውስጥ ለ30 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ፈተና የሚደረገው በንጹህ ውሃ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ጨው ቀስ ብሎ ለሚበላው ጎማና የቻርጀር መሰኪያ ቁጥሩ ዋስ አይሆንም።

ስለ ጥልቀቱ ብዙ አትጨነቁ። 3 ሜትር፣ 5 ሜትር እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ። ጠላቂ ያልሆነ ሰው የሚገባው እስከ ወገቡ፣ ቢበዛ እስከ ደረቱ ነው፤ ከዚያ በላይ ማዕበሉ ራሱ ያነሳዋል። 3 ሜትር ይበቃል፤ ለተጨማሪው 2 ሜትር ገንዘብ አላወጣም።

ወደ ጨዉ ስንመጣ መፍትሔው በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ማሽን ነው። ከተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች የሚመጣውን መልስ እያስተያየ የጨዉን ለይቶ ይጥላል፣ የብረታ ብረቱን ያስቀራል። ድሮ ይህ የውድ ማሽኖች ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይንላብ ኢኩዊኖክስ 600ንና 800ን ሲያወጣ፣ በ2022 ደግሞ ሌላው አምራች ኖክታ ሌጀንድ የሚባለውን ሲያስከትል መካከለኛ ዋጋ ውስጥ ገባ። አሁን ወጥመዱን እዩት። ከላይ ያልኩት ቫንኩዊሽ ርካሽ ነው፣ ብዙ ፍሪኩዌንሲ አለው፣ ጨው ይችላል፤ ውሃ ግን አይችልም። ኖክታ ሲምፕሌክስ ርካሽ ነው፣ እንዳለ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ግን ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። የማይንላብ ኤክስ ቴራ ፕሮ 5 ሜትር ይገባል፣ ፍሪኩዌንሲም ያስቀይራል፤ የሚሠራው ግን አንዱን በአንድ ጊዜ ነው። ሁሉም መጥፎ አይደሉም። ሥራችሁ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅና ወንዝ ላይ ከሆነ ሲምፕሌክስ ከበቂ በላይ ነው። ደረቅና እርጥብ አሸዋ ላይ ብቻ ለሚሄድ፣ ውሃ ውስጥ ለማይገባ፣ ቫንኩዊሽ ጥሩ ነው። ባሕር ውስጥ ገብቶ መሥራት ለሚፈልግ ግን ሁለቱን አጣምሮ የያዘውን መጠበቅ ነው፤ አዲሱ ካልተቻለ ያገለገለውን።

ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉ፣ ኤሌክትሪኩን በአጭር በአጭር ምት እየላኩ መልሱን የሚያዳምጡም አሉ፤ የጋሬት ሲ ሀንተር ማርክ 2 ከነሱ አንዱ ነው። ጨውም ጥቁር አሸዋም ብዙም አይገዳቸውም፣ ጠላቂ ይዟቸው የሚወርዳቸውም አሉ። ችግራቸው ቆሻሻን ከደህናው መለየት ላይ ደካማ መሆናቸው ነው፤ የዛገ ሚስማሩንም የፀጉር መቆንጠጫውንም ስትቆፍሩ ትውላላችሁ። ጡረታ ለወጣ ሰው ይሆናል። ማታ ሥራ ለሚገባ አይሆንም።

እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ያገለገለ ኢኩዊኖክስ 600 ነው። ሁለት የባሕር ዳርቻ ምርጫ አለው፤ አንደኛው ለእርጥብና ለደረቅ አሸዋ፣ ሁለተኛው ውሃ ውስጥ ለመሥራት። 800ው ላይ ያሉት ተጨማሪ ነገሮች ዳርቻ ላይ ላለ ጀማሪ ያን ያህል አይጎድሉም። ሄድፎንን በሚመለከት ገመድ አልባው ውሃ ውስጥ አይሠራም፤ ሲግናሉን ውሃው ይውጠዋል። ጆሮውን የሚያጠልቅ ሰው ውሃ የሚችል ባለ ገመድ ይግዛ፤ እስከ ወገብ ለሚገባ አያስፈልግም።

ጋሼ ከነገሩኝ ሁሉ የማልረሳው የኮሳትስኪን ታሪክ ነው። ዩዜፍ ኮሳትስኪ የፖላንድ መኮንን ነበር፤ አገሩ በ1939 ስትወረር ተሰዶ ብሪታንያ ገባ። ስኮትላንድ ውስጥ ሆኖ በ1941 ፈንጂ ማግኛ ዲቴክተር ሠራ፤ የፈጠራ መብት ሳያስመዘግብ፣ ሳንቲም ሳይቀበል ለእንግሊዝ ጦር ሰጠ። በ1942 ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ በተደረገው ጦርነት የበረሃውን ፈንጂ የጠረገው ያ መሣሪያ ነው። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ማሽናቸውን እያሻሹ ነበር። «ስደተኛ የሠራው ዕቃ ነው፣ ለኛ አይከብድም» አሉ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ማሽኑ ላይ ይጨርስና ማፈሻ ሳይገዛ ይቀራል። በእጅ አካፋ እርጥብ አሸዋ መቆፈር ማለት ጉድጓዱ በጎን እየተናደ፣ ዕቃው እየሰመጠ፣ እናንተም እየተናደዳችሁ መዋል ነው። የሚያስፈልገው የማይዝግ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ አሸዋውን አፍስሶ ዕቃውን የሚያስቀር ማፈሻ ነው። ውሃ ውስጥ ለሚገባ እጀታው ረጅምና ጠንካራ ይሁን፤ በእግር ይረገጣልና። ቀዳዳው ከሰፋ ትንሿ ቀለበት ትሾልካለች፤ ከጠበበ ደግሞ ጠጠሩ ይዘጋዋል።

አንድ ጠዋት ባሕሩ ጎድሎ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ዝቅ ያለ ግን የማይዋዥቅ ድምፅ ሰማሁ። ከየትም በኩል ሳወዛውዘው ቁጥሩ ያው ነው። የጣሳ መክፈቻ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ከወርቅ ቀለበት ጋር ይደራረባል፣ ማንም ማሽን በእርግጠኝነት አይለየውም። ለዚህ ነው መክፈቻ ላለመቆፈር ያንን ቁጥር የሚዘጋ ሰው ቀለበቱንም ጥሎት የሚሄደው። አንድ ማፈሻ አወጣሁ፣ ጉድጓዱን ፈተሽኩ፣ አሁንም ይጮኻል። ሌላ አወጣሁ፣ አሁን ጉድጓዱ ዝም አለ። ማፈሻውን ውሃ ውስጥ ነክሬ ስነቀንቀው አሸዋው ሄደና የዛጎል ስብርባሪ መሃል ቢጫ ቀለበት ቀረ። ወርቅ አይዝግም፤ ከአሸዋ ደግሞ በብዙ እጥፍ ስለሚከብድ እየሰመጠ ሄዶ ጠንካራ ንጣፍ ላይ ያርፋል። ማዕበል ላዩን ጠርጎ ሲሄድ ነው እንዲህ ቅርብ የሚገኘው። ውስጡ ሁለት ስምና አንድ ቀን ተቀርጾበት ነበር። ስም ያለበትን ዕቃ ኪስ አልከተውም፤ የጠፋ ዕቃ የሚረከቡት ቦታ ሰጥቼ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ጋሼ «ደግ አደረግሽ» ብለው ወዲያው «ስንት ግራም ይሆን ነበር ግን?» አሉ።

ስለ ፈቃድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ለኛ ነገሩ ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። ገና ሳይነጋ ብቻዋን የምትቆፍር ጥቁር ሴት ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ከአስተዳደሩ ያገኘሁትን ፈቃድ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው፤ አንዱ እንዲያውም ማሽኑን ልሞክረው አለኝ። ፈቃዱ ባይኖር ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ደንቡ ከአገር አገር፣ ከዳርቻ ዳርቻም ይለያያል፤ ያለ ፈቃድ ፈጽሞ የሚከለክሉ አገሮች አሉ፣ ጥንታዊ ቅርስ ያለበት ቦታ ደግሞ ቀልድ የለም። የመኖሪያ ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ሰው ለአንድ ሳንቲም ብሎ መዝገቡን አያበላሽ። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የቆፈራችሁትንም ድፈኑ።

ያገለገለ ስትገዙ ስልክ ላይ በሚላክ ፎቶ አትዋዋሉ፤ ቦታው ድረስ ሂዱ። የቻርጀር መሰኪያውን በስልክ መብራት እዩት፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ካበቀለ ጨው ገብቷል። ስክሪኑ ከውስጥ ጉም ካለው ተዉት። የኮይሉን ገመድ ከሥሩ ወዝወዝ አድርጉት፤ ያን ጊዜ የሚጮኽ ከሆነ ገመዱ ተጎድቷል። የኮይሉን ሽፋን አውልቃችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ አሸዋ ከታጨቀበት ባለቤቱ አጥቦት አያውቅም ማለት ነው፣ ያላጠበው ደግሞ ሌላም ብዙ አላደረገም። እኔ ከባሕር በተመለስኩ ቁጥር ሻወር ውስጥ አስገብቼ በንጹህ ውሃ አጥበዋለሁ፣ ክፍል የምትጋራኝ ልጅ እየተነጫነጨችም ቢሆን። ዋስትናው ለሁለተኛ ገዢ ያልፍ እንደሆነም ጠይቁ፤ ደረሰኙን ተቀበሉ። በመጨረሻ ባልዲ ውሃ አስመጡና ሻጩ ራሱ ከእጁ ጋር እንዲነክረው ጠይቁት። ማሽኔን የሸጠልኝ ሰውዬ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነበር እስከ ክርኑ ባልዲው ውስጥ የነከረው። ከሱ በፊት ያነጋገርኩት ግን «ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል» አለኝ፤ ትቼው ሄድኩ።