ዣንጥላ ሥር የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ብዙም ሳልርቅ፣ የአንድ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት አርማ የታተመበት ቲሸርት ለብሼ የግቢ አምባሳደር ሆኜ ተማሪዎችን ስመዘግብ ዋልኩ። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ስለጀመሩ ያነጋገርኳቸው አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱን ይዘዋል፤ ስለዚህም «ሌላ መተግበሪያ ምን ያደርግልኛል?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሜ ሰማሁ። በሥልጠናው የተነገረን ግን ስለ ስጦታው እንጂ ስለ አገልግሎት ክፍያው አልነበረም። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እናቷ ከደብረ ብርሃን ገንዘብ ሲልኩላት ስንት እንደሚቆረጥ ጠየቀችኝ፤ የማላውቀውን ከመቀባጠር ብዬ የዋጋ ዝርዝሩን ፈልገን አብረን አነበብን፤ እሷም ሳትመዘገብ አመስግናኝ ሄደች (ኮሚሽኔም አብሯት ሄደ)። የሚከፈለን በተመዘገበ ሰው ልክ በመሆኑ፣ አንዳንድ ባልደረቦቼ መተግበሪያውን ዳግመኛ የማይከፍቱትን የዶርም ጓደኞቻቸውን እየለመኑ ቁጥራቸውን ይሞላሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ የትራንስፖርት እንኳ ከኪሳችን ነው። ማታ በሪፖርቴ ላይ ከተመዘገቡት 11 ተማሪዎች በተጨማሪ ሌሎቹ ያልተመዘገቡበትን ምክንያት በዝርዝር ጻፍኩ። አስተባባሪያችን ግን ለዚያ የተዘጋጀ ቦታ በቅጹ ላይ እንደሌለ ነገረኝ።